የረቺዋ ወጪና ኪሳራ

ማክሰኞ ማታ

ረታሁ።

ይህን ቃል ለመጻፍ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ አሁን ጽፌው ሳየው ትንሽ ሆነብኝ። ዛሬ ጠዋት የይግባኝ ችሎቱ የአባቴን ኑዛዜ አጸናው። ምድር ቤቱ፣ አባቴ ዕድሜ ልኩን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራበት የኖረው፣ እኔም ሙያውን ከእጁ ተምሬ እስከ ዛሬ የምሠራበት ክፍል ከነመሣሪያው የእኔ ነው ተባለ። ይህ ሁሉ የመጣው ታላቅ ወንድሜ "ኑዛዜው ሲጻፍ አባታችን አእምሮው ደክሞ ነበር፤ እኩል እንካፈል" ብሎ ከሶኝ ነው። አባቴ አእምሮው እንኳን ሊደክም፣ በሞተበት ሳምንት የአንዱን ደንበኛ የድድ ልክ አበላሽተሻል ብሎ ተቆጥቶኛል።

ዳኛዋ ሲያነቡ ወንድሜ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። እኔ የማየው መንጋጋውን ነበር። ሲናደድ የታችኛውን ወደ ፊት ያወጣዋል፤ በልጅነቱም እንዲሁ ነው።

እማዬ እንደ ወትሮዋ በመሀላችን ተቀምጣለች። ደስ ይላታል ብዬ ዞር ስል አፏን በሻርፗ ሸፍና መሬት መሬት ታያለች።

"እማዬ፣ አለቀ እኮ" አልኳት።

"አለቀ?" አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። እርጅና ነው፤ ረጅም መቀመጥ አይስማማትም።

ረቡዕ

ጠበቃዬ ጠራኝ። እኔ በልቤ "ቀጠሮ" ነው የምለው፤ ከአፉ ከዚህ ቃል የበለጠ የሰማሁት ስለሌለ። "እንኳን ደስ ያለዎት" ብሎ ሻይ አስመጣልኝ፤ ከዚያ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገ። ቀሪ ክፍያ ይላል። ሻዩን አልጨረስኩትም።

"ይሄ ሁሉ?" አልኩት።

"ሦስት ፍርድ ቤት እኮ ነው የዞርነው። ደግሞ እንደገና ይታይ ተብሎ ተመልሷል፤ ረሱት እንዴ?"

"ከየት አምጥቼ ነው የምከፍለው?"

"ከወንድምዎ ነዋ። ዳኛዋ ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብትዎን ጠብቀውልዎታል። ዝርዝሩን እናቀርባለን፣ ይከፍላሉ። እምቢ ካሉ መኖሪያ ቤታቸው አለ።"

"እኔ አላስከፍለውም ብልስ?"

ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው በውላችን መሠረት ምድር ቤቱ ተሽጦ ይከፈለኛላ።"

ትናንት የረታሁት ምድር ቤት! ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አንብቤዋለሁም። ያን ጊዜ የታየኝ መርታቱ ብቻ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ዓርብ

ሥራ። ጀሶ አለቀ። ዝርዝሩን አልጀመርኩም። አንድ ጡረተኛ ሹፌር መጣ፤ ሲስቅ የላይኛው ጥርሱ ይወድቅበታል። "እንግዲያው አይሳቁ" አልኩት። ሳቀ፤ ወደቀ። ከሰኞ ወዲህ የሳቅኩት ይህችን ብቻ ነው።

እሑድ

እማዬ እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ወንድሜ ቤት ትሄዳለች። እሱ ክሱ ከተጀመረ ወዲህ የእሷን ደረጃ ረግጦ አያውቅም፤ እሷ ከላይ ስለምትኖር እኔን ከታች ሳያይ መውጣት አይችልማ። እኔም የእሱን በር አላውቀውም። ስለዚህ አሮጊቷ ትመላለሳለች።

ማታ "ደህና ገብቻለሁ" ልትል ስትደውልላቸው አጠገቧ ነበርኩ። የወንድሜ ሚስት ድምፅ ከስልኩ ያፈተልካል። "እሷማ ምን ገዷት፤ ከሰው አፍ ነቅላ የምትበላ" ስትል ሰማሁ። እማዬ ቶሎ ብላ ዘጋችው።

በሙያዬ መሰደቤ ነው። እኔ ደግሞ ነቃይ አይደለሁም፤ ተኪ ነኝ። ይህን የማታውቅ ሴት ናት እንግዲህ የቤተሰባችን አባል የሆነችው።

እራት ላይ እማዬ ዳቦዋን ሻይ ውስጥ ነክራ ነክራ በላች። ሥጋውን አልነካችም።

"ምነው?"

"ጥርሴን ብርድ ነክቶት ነው።"

"ነይ ልየው።"

"ነገ።"

እሺ አልኳት። ዝርዝሩን እየሞላሁ ነበር። የዳኝነት ክፍያ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ታክሲ፣ ሥራ ፈትቼ የዋልኩባቸው ማክሰኞዎች። ችሎታችን ሁልጊዜ ማክሰኞ ነበር። ለመጨረሻው ክርክር የከፈልኩት ላይ ስደርስ ትንሽ ቆምኩ። እሱን እማዬ "ከቁጠባዬ ነው" ብላ በነጭ ፖስታ የሰጠችኝ ነው። እኔ እንደከፈልኩ አድርጌ ጻፍኩት። ለእኔ ከሰጠችኝ የእኔ አይደል? ጠበቃውም "ማን ይጠይቅዎታል" ብሏል።

ማክሰኞ፣ ለመተኛት እየሞከርኩ

አልቻልኩም። ልጻፈው።

ከቀትር በኋላ ወርቅ ሠሪው መጣ። ከሰው አፍ የወጣ ወርቅ ሲገዛ ብየዳውን ከወርቁ እንድለይለት ወደ እኔ ያመጣል፤ ከአባቴ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። የጠቀለለውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ቀለበት፣ ግማሽ ጉትቻ፣ አንድ ላይ የተያያዙ ሦስት የወርቅ ጥርሶች።

አባቴ አንድ አመል ነበረው። የሠራውን ጥርስ ሁሉ ምላስ በሚነካው በኩል በሞረድ ጭረት ያደርግበታል። "ዓይን አያየውም፣ ምላስ ግን ያውቀዋል" ይል ነበር። አንድ ጭረት። ሁለት ጭረት ያደረገው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሚስቱ።

አነሣሁት፣ ገለበጥኩት። ሁለት።

ወርቅ ሠሪው "ምነው፣ አርቴፊሻል ነው እንዴ?" አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ማን ሸጠልህ?"

"አንዲት እናት ናቸው። ሻርፕ የለበሱ። ዋጋ እንኳ አልተከራከሩኝም። ብቻ ገንዘቡን ለሁለት እኩል ከፍለህ በፖስታ አድርግልኝ አሉኝ። ቆየ እኮ፤ ሌላ ሥራ በዝቶብኝ ነው እስካሁን ያላመጣሁልሽ።"

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እማዬ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ካልሲ ትጠቅማለች።

"እማዬ፣ ጥርስሽ የት አለ?"

ሻርፗን ሳብ አደረገች። "ሐኪም ነቀለው።"

"ለምን?"

"ስለሸጥኩት።"

"ለማን ብለሽ?"

መርፌውን ካልሲው ላይ ሰካችና "ለወንድምሽ ብቻ እንዳትነግሪው" አለች።

ይበቃኛል። ጉትቻዋስ የት ሄደ? የአንገቷስ? "ሴት ልጅ ስታረጅ ጌጥ ይከብዳታል" ስትለኝ አምኛታለሁ። የወንድሜ ጠበቃ በነፃ እንደማይከራከር እያወቅኩ ገንዘቡን ከየት ያመጣል ብዬ አልጠየቅኩም። ለካ ከእናቱ አፍ ነው። ሁለት ፖስታ ያደረገችው አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለሚስቱ ይሆናል። ሌላ ለማን ይሆናል?

እኔ ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አፍ አስከፍቼ በመብራት የማይ ሴት ነኝ። ከእናቴ ጋር በየቀኑ እራት እየበላሁ ሦስት ጥርስ መጉደሉን አላየሁም። ይህን ለማን እናገረዋለሁ? ደንበኞቼ ቢሰሙ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ ቢሄዱም ልክ ናቸው።

ረቡዕ

ዝርዝሩን ፈርሜ ሰጠሁ። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ "ግማሹን ልተውለት ይሆን" እያልኩ ነበር። አሁን አንዲት ሳንቲም አልምረውም። ቤቱም ይሸጥ። ጠበቃዬ እጁን አሻሸና "አሁን ገና ተግባባን" አለ።

ሰኞ

ነገ ችሎት። እማዬ እንደ ሁልጊዜው የነገ ምሳ እየቋጠረች ነው፤ ለሦስት። ደስ ብሏታል፤ ታንጎራጉራለች። "ልጅሽን ላስከፍለው እኮ ነው የምሄደው" ብላት "ይሁን፣ ብቻ ኮት ልበሺ፣ ኮሪደሩ ይበርዳል" አለችኝ። ሴትየዋ መዘንጋት ጀምራለች መሰለኝ።

ማክሰኞ

እንዳለ ልጻፈው።

ዳኛዋ ዝርዝሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወንድሜን "ተቃውሞ አለዎት?" አሉት። የእሱ ጠበቃ አፉን ሳይከፍት ወንድሜ ራሱ ተነሣ።

"አለኝ፣ ክብርት ዳኛ። የመጨረሻውን ክፍያ ከኪሷ አልከፈለችም። የእናታችንን የወርቅ ጥርስ ነቅላ፣ ሸጣ ነው የከፈለችው።"

ጆሮዬን አላመንኩትም።

"እኔ?" አልኩ።

"አንቺ ነሻ። እሑድ ስትመጣ አፏን አይቻለሁ። ከመሀላችን የሰው ጥርስ የሚነካ ሌላ ማን አለ? የአባቴን ወርቅ ከእናቴ አፍ አውጥተሽ፣ ሒሳቡን ደግሞ ለእኔ?"

"አንተ አይደለህ ያስሸጥካት! 'ለወንድምሽ እንዳትነግሪ' አለችኝ እኮ!"

"እኔን 'ለእህትህ አንድ ነገር እንዳትናገር' ነው ያለችኝ።"

ዳኛዋ ጠረጴዛውን መቱ። ያን ጊዜ ነው የእማዬን ጫማ ድምፅ የሰማሁት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ፊት እየመጣች ነው። ማንም አላስቆማትም።

"ለእማማ ወንበር ይስጧቸው" አሉ ዳኛዋ።

"ቆሜ ይሻለኛል፣ ልጄ።" ሻርፗን ፈታች። ከላይ፣ በግራ በኩል ባዶ ነው። እኔ የማውቀው ድድ እንዲህ አይደለም፤ በጥድፊያ የተነቀለ፣ በሥርዓቱ ያልዳነ ድድ ነው። ዓይኔን መመለስ ፈልጌ አቃተኝ። "ልጆቼ አልነቀሉኝም። ራሴ ሄጄ ነው ያስነቀልኩት። ገንዘቡን እኩል አካፍዬ ለሁለቱም ሰጠሁ። ከዚያ በፊት የጆሮዬን፣ የአንገቴንም እንደዚያው። ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

"ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ከፈሉ ማለት ነው?"

"ታዲያ ላዳላ ኖሯል?"

የሚስቅ ሰው አልነበረም። የወንድሜ ጠበቃ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ የእኔው ደግሞ ወረቀቱን የሚያስተካክል መሰለ። ሁለቱም የበሉት ከአንድ አፍ ነው።

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። መንጋጋው ወደ ቦታው ተመልሷል። "በፖስታ ነው?" አለኝ በቀስታ።

"በነጭ ፖስታ፣ ጋሼ" አልኩት። ጋሼ ያልኩት ሳላስበው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ እሱን "ከሳሽ"፣ እሱ እኔን "ተከሳሽ" ከመባባል በቀር ከእሱ ጋር ያወራሁት ይህን ብቻ ነው።

የነጩ ፖስታ ነገር፣ ለራሴ ልንገረው እንጂ፣ ወርቅ ሠሪው በነገረኝ ቀን ሽው ብሎብኝ ነበር። ገፋሁት።

ተነሥቼ "ጥያቄዬን ትቻለሁ" አልኩ። ጠበቃዬ እጅጌዬን ጎተተና በጆሮዬ "ምድር ቤቱስ?" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"እኔ ማሩኝ አላልኩም" አለ ወንድሜ።

"እኔም አልማርኩህም።"

ዳኛዋ ወደ አንዳችን ሳያዩ ጻፉ። ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ፣ መዝገቡ ተዘግቷል። እማዬ የችሎት አስተናባሪውን "ተዘጋ ማለት?" ብላ ጠየቀችው። "ከእንግዲህ እዚህ መንከራተት የለብዎትም ማለት ነው፣ እማማ፤ ተገላገሉ" አላት። ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ያዘች። ድካም ነው ብዬ ደገፍኳት። ወንድሜ በሌላኛው በር ወጣ፤ እማዬ የቋጠረችው ምሳም እንደተቋጠረ ቤት ተመለሰ።

ሐሙስ

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሰው ሲናገረው እስቅ ነበር።

የስልክ ቀፎ ነጋዴ ምድር ቤቱን ሊያይ መጣ። የአባቴን የሥራ ጠረጴዛ በእግሩ ነካ አድርጎ "ይሄ ይነሣል አይደል?" አለ። ይነሣል አልኩት። እሱ ግድግዳውን ሲለካ እኔ ማለስለሻ ሞተሩን ከፍቼ ምንም ሳልሠራ ቆምኩ፤ ድምፁ ለቅሶዬን እንዲሸፍንልኝ።

ጠበቃዬን እንደ ሌባ ልጠላው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ውል ነው፤ ሠርቷል። የሚጠላ ሰው አጣሁ፤ እሱም ሕመም ነው።

ቅዳሜ

የእማዬን የድድ ልክ ወሰድኩ። ልኩ እስኪደርቅ አፏን ይዤ ስጠብቅ ዓይኗን ጨፍና እጄን በእጇ ያዘች። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። አፏ ሙሉ ስለሆነ መልስ አልሰጠችኝም።

"ወርቅ አልችልም፤ ግን ከእውነተኛው አይለይም" አልኳት በኋላ።

"ተዪው፣ ለማን ልስቅበት ነው" አለች።

መዝገቡ ከተዘጋበት ቀን ጀምራ አትበላም ማለት ይቻላል። አታንጎራጉርም። እንደዚህ ያለ ክርክር ያለቀለት ሰው ይፈካል እንጂ እንዲህ አይጠወልግም። ነገ ወደ ወንድሜ እንደማትሄድ ነገረችኝ፤ "አንድ ባንድ ማየቱ ደከመኝ" አለች። አውቶቡሱን ማለቷ መሰለኝ።

ማክሰኞ

ጠዋት ላይ ለሙከራ የሰም ጥርሱን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። አልጋዋ ተነጥፏል፤ የለችም። ኮቷም የለም። ከላይ ታች ስል ስልኬ ጠራ። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ቦርሳዬን ሲፈትሽ የኖረው።

"እናትሽ እዚህ ናቸው። ቀጠሮ የላችሁም ብላቸው አይሰሙኝም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል።"

መዘንጋቱ ባሰባት፤ አእምሮዋን ልታጣው ነው ብዬ ከእነሽርጤ ወጣሁ። ጀሶው እጄ ላይ ደርቆ ታክሲው ውስጥ ይረግፍ ነበር።

አግዳሚው ላይ አገኘኋት። ኮቷን ለብሳ፣ የምሳ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መሀል ላይ ተቀምጣለች። በግራዋም በቀኟም ቦታ ትታለች። ወንድሜ በሌላኛው በኩል እያለከለከ መጣ፤ ጥበቃው ለእሱም ደውሎለታል። አንድ እግሩ ካልሲ የለውም።

"ምን ሆነች?" አለኝ፤ እኔን።

"እንጃ።"

እሱ በግራዋ፣ እኔ በቀኟ ተቀመጥን።

"እማዬ" አልኳት ለሕፃን እንደሚነገር፣ "አለቀ እኮ። ዳኛዋ ዘጉት። ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ምን ነካሽ፣ ጃጀች ልትዪኝ ነው?"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" አላት ወንድሜ።

ቋጠሮውን ፈታች። ዳቦውን ቆርሳ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለእኔ ሰጠችን፤ እኩል። "ሁለታችሁን አንድ ላይ ሌላ ቦታ አግኝቻችሁ አላውቅማ" አለች።

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። ወንድሜም አልጎረሰም። ሰዎች መዝገብ ይዘው በፊታችን ያልፋሉ።

"ፖስታውስ፣ እማዬ?" አላት ዳቦውን እያየ። "አንዳችንም እንዳንሸነፍብሽ አልነበር?"

"መሸነፍማ ምን አለው፣ ልጄ" አለች። "እንዳያልቅ ነው እንጂ።"